ቺፕ በቅርጫ፦ ተማሪዎች ፕሮሰሰር መሥራት የጀመሩበት ታሪክ

በእጃችሁ ባለው ስልክ ውስጥ ከጣት ጥፍር ብዙም የማትበልጥ ቺፕ አለች። ስልኩ የሚያሰላው፣ ፎቶ የሚያቀናብረው፣ ዘፈን የሚያጫውተው በእሷ ነው። የዚችን ቺፕ የዘር ሐረግ ወደኋላ ብትቆጥሩ፣ አንደኛው መስመር የሚያደርሳችሁ ወደ ግዙፍ ኩባንያ ሳይሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍል ነው። እዚያ የምታገኙት ለኮርስ ፕሮጀክት ብለው ፕሮሰሰር የነደፉ ተማሪዎችን ነው።

ፕሮሰሰር ለኮርስ ፕሮጀክት? አዎ። ነገሩን የሚገርም የሚያደርገው የተማሪዎቹ ጉብዝና ብቻ አይደለም። ዩኒቨርሲቲዎቹ ለዚህ ሥራ ብለው የራሳቸውን ፋብሪካ አላቆሙም። ታዲያ እንዴት ቻሉ? መልሱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ቅርጫ ገቡ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከግድግዳ ጀርባ የነበረ ሙያ

ቺፕ የሚሠራው ዌፈር በሚባል ክብና ስስ የሲሊከን ዝርግ ላይ ነው። ምጣድ ላይ የተዘረጋ እንጀራ አስቡ፤ ይሄኛው ግን እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። በዚህ ዝርግ ላይ ትራንዚስተሮችና የሚያገናኟቸው መስመሮች በንብርብር ይታተማሉ። ለእያንዳንዱ ንብርብር ማስክ የሚባል ቅርጽ ማውጫ ይዘጋጃል፤ ብርሃን በማስኩ በኩል አልፎ ስዕሉን ዌፈሩ ላይ ያሳርፋል። በመጨረሻ ዌፈሩ ይቆራረጥና እያንዳንዱ ቁራጭ አንድ ቺፕ ይሆናል።

ችግሩ ያለው ሂሳቡ ላይ ነው። ማስክ ማሠራት ውድ ነው፤ ወጪው ደግሞ አንድ ቺፕ ብታሠሩም አሥር ሺህ ብታሠሩም ያው ነው። ኩባንያ ወጪውን ለብዙ ሺህ ቺፖች ያካፍለዋል። አንዲት ቺፕ ለሙከራ የሚፈልግ ተማሪስ? በቃ፣ አይታሰብም።

በ1971 ኢንቴል ያወጣው 4004 የተባለ ፕሮሰሰር 2,300 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። በ1978 የወጣው 8086 ወደ 29,000 ደረሰ። በሰባት ዓመት ከአሥር እጥፍ በላይ ማለት ነው። እውቀቱ ግን በአብዛኛው ከኩባንያዎች ግድግዳ ጀርባ ቀረ። መስመሩ ምን ያህል ይወፍር፣ በሁለት መስመሮች መካከል ምን ያህል ክፍተት ይኑር የሚለው ደንብ ከፋብሪካ ፋብሪካ ይለያይ ነበር። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ስለ ፕሮሰሰር በመጽሐፍ ያነባል፣ ሰሌዳ ላይ ተስሎ ያያል፤ መሥራቱ ግን የሌላ ሰው ሥራ ነበር።

ውስብስቡን ማቅለል

ካሊፎርኒያ ውስጥ በሚገኘው ካልቴክ፣ ፕሮፌሰር ካርቨር ሚድ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ተማሪዎቻቸውን ቺፕ ያስነድፉ ነበር። ሊን ኮንዌይ ደግሞ እዚያው ካሊፎርኒያ፣ ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የምርምር ማዕከል የሚሠሩ የኮምፒውተር መሐንዲስ ነበሩ። ሁለቱ አብረው ያነሱት ጥያቄ ቀላል ይመስላል፦ አንድ ሰው ቺፕ ለመንደፍ የግድ ማወቅ ያለበት ምንና ምን ነው? የቀረውንስ መተው ይቻላል ወይ?

ከመልሶቻቸው አንዷ ላምዳ የምትባል መለኪያ ናት። ንድፉ በማይክሮሜትር መለካቱ ቀረና በላምዳ ሆነ። የብረት መስመር ስፋት ቢያንስ 3 ላምዳ፣ ከሥሩ ያለው የሲሊከን መስመር ቢያንስ 2 ላምዳ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። አንድ ላምዳ ስንት ማይክሮሜትር እንደሆነ የሚወሰነው ፋብሪካው ሲታወቅ ነው። ወጥ ያስተማረቻችሁ ሰው “ይሄን ያህል ግራም” ከማለት ይልቅ “ለአንድ እጅ ዘይት ሦስት እጅ ሽንኩርት” ካለቻችሁ፣ ለአምስት ሰውም ለሃምሳ ሰውም መሥራት ትችላላችሁ። ላምዳም እንደዚያው ነው። ፋብሪካው ነገ ይበልጥ ደቃቅ መስመር ማተም ሲችል፣ ያው ንድፍ አንሶ ይታተማል።

ማቅለሉ በነጻ አልመጣም። በላምዳ የተነደፈ ቺፕ ፋብሪካው የሚችለውን ያህል አይጠቀጠቅም፤ ጥቂት ቦታ ይባክናል። ሚድና ኮንዌይ ግን ጥቂት ቦታ አጥተው ብዙ ነዳፊ ማፍራቱን መረጡ። አብረው የጻፉት መማሪያ መጽሐፍ በ1980 ታተመ። ከዚያ በፊት ግን ረቂቁ ክፍል ውስጥ መፈተን ነበረበት።

ቅርጫው

በ1978 መጨረሻ ወራት ኮንዌይ በተጋባዥ መምህርነት ወደ ኤምአይቲ ሄዱ። ኮርሱ ለሁለት የተከፈለ ነበር። በመጀመሪያው ግማሽ ተማሪዎቹ ደንቡን ይማራሉ፤ በሁለተኛው ግማሽ እያንዳንዱ የራሱን ቺፕ ይነድፋል። ንድፉም በወረቀት አይቀርም፤ ይመረታል!

እዚህ ላይ ነው ቅርጫው የሚመጣው። ሙሉ በሬ ለአንድ ቤት ይከብዳል፤ ጎረቤት ተዋጥቶ ሲያርድ ግን ለሁሉም መደብ ይደርሰዋል። የተማሪዎቹም ንድፎች ጎን ለጎን ተደርድረው በአንድ የማስክ ስብስብ ላይ ወጡ። የማስኩና የዌፈሩ ወጪ ተካፈለ። ለእያንዳንዱ ሰው የሚያስፈልገው ደግሞ ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለሆነ፣ ጥቂት ዌፈር ለሁሉም ይበቃል።

ንድፎቹ ከማሳቹሴትስ ወደ ካሊፎርኒያ የተጓዙት የኢንተርኔት ቅድመ አያት በሆነው በአርፓኔት ነው። ዜሮክስ ፓርክ ፋይሎቹን አቀናጀ፤ ማስኮቹ በውጭ ድርጅት ተሠሩ፤ ዌፈሮቹን የሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራ አመረተ። በጥር 1979 ቺፖቹ ታሽገው ተማሪዎቹ እጅ ገቡ። ንድፉ ከተላከ ስድስት ሳምንት ያህል መሆኑ ነው። 19 ፕሮጀክቶች ነበሩ። ከተማሪዎቹ አንዱ ጋይ ስቲል ይባላል፤ ሊስፕ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ የሚሠራ ሙሉ ፕሮሰሰር እስከመንደፍ ደርሶ ነበር።

ይህ አሠራር ተማሪን በሁለት በኩል ይገራዋል። አንደኛ፣ ቀኑ የተቆረጠ ነው። በሬው ሲታረድ ያልተገኘ መደብ አይደርሰውም፤ የእናንተን ንድፍ ብሎ ዌፈሩ አይቆምም። ሁለተኛ፣ ስህተት በኋላ አይታረምም። የሶፍትዌር ስህተት ማታ ተገኝቶ ማታውኑ ይስተካከላል። ቺፕ ላይ ግን አንድ መስመር ሳይገናኝ ከቀረ፣ ያው ሳይገናኝ ታትሞ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪው ከመላኩ በፊት ራሱን ደጋግሞ መፈተንን ይማራል። መምህር ሊያዝንለት ይችላል፤ ሲሊከኑ አያዝንለትም።

በ1979 መጨረሻ ነገሩ ሰፋ። በ12 ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ ተማሪዎችና ተመራማሪዎች የነደፏቸው 82 ፕሮጀክቶች በአንድ ዙር ተሰበሰቡ፤ ንድፍ መቀበል ካቆመበት ቀን አንስቶ ቺፖቹ ታሽገው እስኪወጡ 29 ቀን ብቻ ፈጀ። በ1981 ደግሞ ይህን ሥራ በቋሚነት የሚሠራ ሞሲስ የተባለ አገልግሎት በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። ትምህርቱም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከ100 በላይ ዩኒቨርሲቲዎች ደረሰ።

ከኮርስ ወደ ምርምር

ሰሪ የሆነ ተማሪ ቀስ ብሎ የተመራማሪ ጥያቄ መጠየቅ ይጀምራል። ይህ በደንብ የሚታየው በርክሌይ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ፕሮሰሰር የሚያውቃቸው ውስን ትእዛዞች አሉት፤ “ደምር”፣ “ከማስታወሻ አምጣ”፣ “ወደዚያ ዝለል” የመሳሰሉ። በ1970ዎቹ የነበረው አዝማሚያ ትእዛዞቹን ማብዛትና ማወሳሰብ ነበር። ፕሮፌሰር ዴቪድ ፓተርሰን በ1979 ዴክ በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ለጥቂት ወራት ሠርተው፣ ይህ ውስብስብነት ምን ያህል ስህተት እንደሚወልድ በዓይናቸው አዩ። ወደ በርክሌይ ሲመለሱ፣ ቺፕ ከተመረተ በኋላም ስህተቱ የሚታረምበትን መንገድ የሚጠቁም ጽሑፍ ለሕትመት ላኩ። ጽሑፉ ውድቅ ሆነ። ገምጋሚዎቹ በዚህ መንገድ ኮምፒውተር መሥራት ትርጉም የለውም አሉ። ያኔ ፓተርሰን ጥያቄውን ገለበጡት፦ ውስብስቡ ቺፕ ስህተት ካበዛ፣ ለምን ቀላል አንሠራም?

ጥያቄውን ይዘው የገቡት ክፍል ነው። ከ1980 ጀምሮ ከፕሮፌሰር ካርሎ ሴኩዊን ጋር ተከታታይ የድኅረ ምረቃ ኮርሶች ሰጡ። ተማሪዎቹ ከመንደፋቸው በፊት ለኩ። በሲና በፓስካል የተጻፉ ፕሮግራሞች የትኛውን ሥራ ያዘወትራሉ? ጊዜያቸውን የሚበላውስ የትኛው ነው? ያገኙት ነገር ንድፉን ወሰነው። ፕሮግራሞቹ የሚያዘወትሩት ቀላል ቀላሉን ትእዛዝ ነበር፤ ብዙ ጊዜ የሚበላው ደግሞ አንድ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን ሲጠራ የሚደረገው መመላለስ ነው። ስለዚህ ትእዛዞቹን ወደ 31 አወረዱ፤ የተረፈውን የቺፕ ቦታ ያንን መመላለስ ለሚቀንሱ 78 ሬጂስተሮች ሰጡት። ሬጂስተር ማለት ፕሮሰሰሩ ቅርብ የሚያስቀምጣት ፈጣን ማስታወሻ ናት።

ሪስክ አንድ የተባለው ይህ ቺፕ 44,000 ያህል ትራንዚስተሮች ነበሩት። በዘመኑ ገበያ ላይ የነበረው ሞቶሮላ 68000 ወደ 68,000 ይጠጋል። በ1982 ተመርቶ ሲመጣ ሠራ፤ ግን ከታሰበለት ፍጥነት በታች ነበር። ማኖሊስ ካቴቬኒስና ሮበርት ሸርበርን የተባሉ ተማሪዎች የነደፉት ሪስክ ሁለት በ1983 ተከተለ፤ በሦስት እጥፍ ፈጠነ። ካቴቬኒስ ይህን ሥራ የጻፈበት የዶክትሬት ጥናት በ1984 ከኤሲኤም፣ ከዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ማኅበር፣ ተሸለመ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ የቀላል ፕሮሰሰር ሐሳብ የበርክሌይ ብቻ አይደለም። አይቢኤም ውስጥ ጆን ኮክ ቀደም ብለው ሠርተውበታል፤ በስታንፎርድም ጆን ሄኔሲ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሚፕስ የተባለውን ቺፕ ሠርተዋል። ፓተርሰንና ሄኔሲ የ2017ን የቱሪንግ ሽልማት ተካፍለዋል።

ወደ ስልካችሁ

አኮርን የተባለ አነስተኛ የእንግሊዝ ኮምፒውተር ኩባንያ በ1983 አዲስ ፕሮሰሰር ይፈልግ ነበር። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር የበርክሌይን ጽሑፎች አነበቡ። ጽሑፎቹ ከቴክኒኩ ሌላ የያዙት ነገር ነበር። ጥቂት የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች እንዲህ ያለ ፕሮሰሰር መሥራት ከቻሉ፣ ትንሽ ቡድንም ይችላል። የመጀመሪያው አርም ቺፕ በሚያዝያ 1985 ከ25,000 ያህል ትራንዚስተሮች ጋር መጣና ሠራ። ዛሬ በዓለም ላይ ያሉት ስማርት ስልኮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሚሠሩት በዚሁ በአርም ቤተሰብ ነው።

እና ለእኛ?

በአገራችን ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረ ሰው ኮድ በወረቀት ጽፎ መፈተንን ያውቀዋል። ለምን ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ “ዕቃ የለም”። እውነትም ያንሳል። እነ ኤምአይቲም ቢሆኑ ባዶ እጃቸውን አልነበሩም፤ የአሜሪካ መከላከያ የምርምር ገንዘብ፣ የዜሮክስ ፓርክ ኮምፒውተሮችና የሂውሌት ፓካርድ ቤተ ሙከራ ከኋላቸው ነበሩ። ይህን ሳያነሱ ታሪኩን መናገር ማታለል ነው።

ግን ሁሉም ዩኒቨርሲቲ የራሱን ፋብሪካ እስኪሠራ አልጠበቁም። ደንቡን አቀለሉ፣ ወጪውን ተካፈሉ፣ ቀን ቆረጡ፣ የተሠራውንም ፈተኑ። ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ ከገንዘብ ይልቅ ስምምነት ነው የሚጠይቁት።

ዕቃውም እየቀረበ ነው። በ2010 በርክሌይ ውስጥ የተጀመረው ሪስክ ፋይቭ ማንም ያለ ክፍያ ፕሮሰሰር ሊነድፍበት የሚችል ክፍት የትእዛዝ ስብስብ ነው፤ ጀማሪዎቹ ፕሮፌሰርና ተማሪዎቻቸው ነበሩ። ትእዛዞቹን የሚያስመስሉ ነጻ ፕሮግራሞች ተራ ላፕቶፕ ላይ ይሠራሉ። ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ታይኒ ቴፕአውት የተባለ ፕሮጀክት የብዙ ጀማሪዎችን ንድፍ በአንድ ቺፕ ላይ እያሳተመ ነው። ያው ቅርጫ ነው፤ መደቡ ግን በዶላር ስለሚከፈል ለአንድ ተማሪ ይከብዳል፤ አንድ የክፍል ቡድን ግን ሊያስብበት ይችላል።

የመመረቂያ ፕሮጀክት ስትመርጡ ርዕሱ ትልቅ ይምሰል ብላችሁ አትጨነቁ። ይልቅ ይህን ጠይቁ፦ ይህ ነገር መሥራት አለመሥራቱን ከአማካሪዬ ሌላ የሚነግረኝ ምንድን ነው? የሚለካ ፍጥነት ይኑረው፤ ወይም በየቀኑ የሚጠቀምበት ሰው፣ ወይም ኃይል ሲሰጠው የሚበራ ወይም የማይበራ ሰሌዳ ይሁን። መልስ ያለው ርዕስ ካገኛችሁ፣ ትንሽም ቢሆን እሱን ያዙ።