የወላይታ የገጠር ማኅበራትና ትብብራቸው

በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን የገበሬውን ኑሮ ለማሻሻል ብዙ ዓይነት ማኅበራት ጎን ለጎን ይሠራሉ። ዕድሮች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የአብያተ ክርስቲያናት የልማት ክንፎች፣ የሕሙማን ማኅበራትና የልማት ድርጅቶች ይገኙባቸዋል። የብዙዎቹ መናኸሪያ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቆረቆረችው ወላይታ ሶዶ ናት። ከተማዋ የዞኑ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ክልሉ ነሐሴ 13 ቀን 2015 ዓ.ም. በይፋ ሲመሠረት የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር ማዕከል ሆናለች።

ትብብሩን አስፈላጊ ያደረገው መጀመሪያ የመሬቱ ጥበት ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ የዞኑ ነዋሪ 1.5 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ከ350 ሰው በላይ ይኖራል፤ ከአሥር ሰው ዘጠኝ ያህሉ ደግሞ ገጠሬ ነው። ቤተሰብ ከጓሮው እንሰት፣ ከስኳር ድንች፣ ከጎደሬና ከበቆሎ ጋር ተጠጋግቶ ይኖራል። የበልግ ዝናብ ሲዘገይ ወይም ስኳር ድንቹ ሲከዳ ማሳው ለምልሞ እየታየ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በወላይታ ደጋግሞ የደረሰውን ይህን ችግር ብዙዎች «አረንጓዴ ረሃብ» ይሉታል።

ከማናቸውም ድርጅት በፊት የነበረው መረዳጃ የሠፈሩ ነው። ብዙ እጅ የሚጠይቅ ሥራ ሲመጣ ጎረቤት ዳጓ ይወጣል፤ ሌላው የኢትዮጵያ ክፍል ደቦ የሚለው ነው። ዕድር ቀብሩንና ሐዘኑን፣ ዕቁብ ደግሞ ገንዘቡን ይይዛል። በመስከረም የሚከበረው የወላይታ ዘመን መለወጫ ጊፋታ ሲቃረብ ወንዶች ለዕርድ በሬ፣ ሴቶች ለቅቤ ቀደም ብለው ተቧድነው ያጠራቅማሉ። የኋላ ዘመን የቁጠባ ቡድኖች ወላይታን ቁጠባ አላስተማሩትም፤ ያገኙት ቆጣቢ ማኅበረሰብ ነው።

የመጀመሪያው ትልቅ የልማት ውጥን ግን ከላይ የመጣ ነበር። ዋዱ በሚል አጠራር የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ፕሮጀክት እ.ኤ.አ. በ1970 በዓለም ባንክ ብድር ሥራ ጀመረ። ከእሱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በስዊድን ድጋፍ በአርሲ የተጀመረው የጭላሎ ፕሮጀክት ታናሽ ነው ማለት ይቻላል። ዋዱ ለገበሬው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በብድር ሰጠ፣ መንገድ ቀየሰ፣ ከተጨናነቀው ደጋ ቤተሰቦችን አንሥቶ በቆላው በአበላና በበሌ አሰፈረ። ማዳበሪያና የእርሻ ባለሙያ ከገጠሩ ሰው ጋር በስፋት የተዋወቁት በእሱ ዘመን ነው። ይሁንና ውሳኔው ከጽሕፈት ቤት ይወጣ ስለነበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ፕሮጀክቱ ሲያበቃ አብዛኛው አገልግሎት አብሮት ከሰመ።

ከዚህ የተለየ መንገድ የሄዱት አብያተ ክርስቲያናት ናቸው። የወንጌል ሚሲዮናውያን ወደ ወላይታ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1928 ሲሆን፣ በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1937 ሲወጡ ትተውት የሄዱት ምእመን ከሃምሳ አይበልጥም ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲመለሱ ቁጥሩ 10 ሺህ ገደማ ደርሶ ጠበቃቸው፤ የውጭ ሰው በሌለበት ጊዜ ገበሬው ራሱን በራሱ አደራጅቶ ነበር። የወላይታ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍ የሆነው ተረፔዛ የልማት ማኅበር ዛሬ የሚሠራው በዚያ ዘመን ሥር በሰደደው መረብ ላይ ነው። ሴቶች በሳምንት ጥቂት ጥቂት እያዋጡ እርስ በርስ የሚበዳደሩባቸውን የራስ አገዝ ቡድኖች ይደግፋል፤ አፈሩን ሳያርሱና በገለባ ሸፍነው የመዝራትን ዘዴም ከገበሬዎች ጋር ይሞክራል። የሶዶ ካቶሊካዊ ሀገረ ስብከትም የራሱ የልማት ሥራ አለው። ከተወላጆች በሚሰበሰብ መዋጮ የሚንቀሳቀሰው የወላይታ ልማት ማኅበር ደግሞ በሶዶ የሊቃ ትምህርት ቤትን ያስተዳድራል።

ከወላይታ አልፎ በዓለም የታወቀው ሥራ የሁምቦ ወረዳው ነው። የሁምቦ ተራራ ደን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለግጦሽ ተመንጥሮ ባለቀ ጊዜ ጎርፉ ከግርጌው ያለውን ማሳ፣ ዋዱ ሰዎችን ያሰፈረበትን የአበላን ሜዳ ጭምር፣ ይጠርገው ጀመር። ወርልድ ቪዥን የተባለው የልማት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ገደማ ከአካባቢው ቀበሌዎች ጋር ንግግር ሲጀምር ያቀረበው ሐሳብ ችግኝ የመትከል አልነበረም። ቶኒ ሪናውዶ የተባለ አውስትራሊያዊ የግብርና ባለሙያ በኒጀር የሞከረው ዘዴ ነው። የተቆረጠ ዛፍ ሥሩ ከመሬት በታች በሕይወት አለ። ከብትና መጥረቢያ ከራቁለት ጉቶው በርካታ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ገበሬው ደካማውን እየመለመለ ጠንካራውን ያሳድጋል። በሁምቦ ያገገመው 2,728 ሄክታር በአብዛኛው በዚህ መንገድ የበቀለ የአገር በቀል ዛፍ ነው።

የሥራው ቁልፍ ግን ዛፉ ሳይሆን ሕጉ ነበር። ነዋሪዎቹ በሰባት የደን ጥበቃና ልማት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ መንግሥትም በተራራው የመጠቀም መብታቸውን በሰነድ አረጋገጠላቸው። የየማኅበሩ አባላት መተዳደሪያ ደንብ አወጡ፣ ጠባቂ ቀጠሩ፣ በድብቅ የሚቆርጠውን ቀጡ። ሣሩን አጭደው ለከብት መውሰድ፣ የደረቀውን ጭራሮ መልቀም ተፈቀደ። በዓለም አቀፉ የካርበን ገበያ ሕግ መሠረት ፕሮጀክቱ በታኅሣሥ ወር 2009 (እ.ኤ.አ.) ተመዘገበ፤ በአፍሪካ እንዲህ ከተመዘገቡት ትልልቅ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ነበር። የዓለም ባንክ የባዮካርበን ፈንድ 165 ሺህ ቶን ካርበን ዳይኦክሳይድ ለመግዛት ተዋዋለ። ደኑ በሠላሳ ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ያህል ያምቃል ተብሎ ተገምቷል። ከሽያጩ የሚመጣው ገንዘብ ለማኅበራቱ እየገባ የእህል መጋዘንና ወፍጮ ተሠርቶበታል።

ሁሉም ተጠቃሚ አልሆነም፤ ይህ ሊደበቅ አይገባም። ተራራው ሲዘጋ በመጀመሪያ የተጎዱት ከሰል አክስለውና እንጨት ሸጠው የሚያድሩት መሬት አልባዎቹ ናቸው። የካርበኑ ክፍያ ለመምጣት ዓመታት ፈጅቷል፤ የዕለት ጉርስ ግን ዓመት አይጠብቅም። ያም ሆኖ የማኅበራቱ ደንብ ጸንቷል፤ ተመሳሳይ ሥራም ከሶዶ ከተማ በላይ በዳሞታ ተራራ 503 ሄክታር ላይ ተጀምሯል።

ሌላው የትብብር ታሪክ የሚጀምረው ከባዶ እግር ነው። ከእሳተ ገሞራ የተገኘውን ቀይ አፈር ዘመኑን ሁሉ ባዶ እግሩን የሚረግጥ ሰው፣ በተለይ በዘር ተጋላጭ ከሆነ፣ እግሩ ያብጣል፣ ቆዳው ይሻክራል። ሕዝቡ ዝሆኔ ይለዋል፤ ሐኪሞች ፖዶኮኒዮሲስ። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በሽተኛው ግን ከጋብቻ፣ ከትምህርት ቤት፣ አንዳንዴም ከአምልኮ ቦታ ይገለላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ጥናት በወላይታ ከመቶ ሰው ከ5 በላይ ታማሚ መሆኑን አሳየ። በ2006 የወጣ ሌላ ጥናት ታማሚው በዓመት 45 በመቶ የሥራ ቀኑን እንደሚያጣ፣ ዞኑም በየዓመቱ ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያስወጣው አሰላ።

ሚሲዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ እ.ኤ.አ. በ1998 በሶዶ ያቋቋሙት ማኅበር መድኃኒቱ ምን ያህል ቀላል እንደሆነ አሳየ። እግርን በሳሙናና በጥቂት በረኪና በተቀላቀለ ውሃ መዘፍዘፍ፣ ቫዝሊን መቀባት፣ እግርን በፋሻ መጠቅለል፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። ማኅበሩ በየገጠሩ ከአሥር በላይ የሕክምና ጣቢያዎች ከፈተ። ሥራውን እንዲመሩ የመረጣቸው ታክመው የዳኑ ሰዎች ናቸው፤ ተስፋ የቆረጠ በሽተኛ የሚያምነው እነርሱን ነውና። ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ በገበያ ስለማይገኝ ጫማ ሰፊዎች ሠለጠኑ። ለብዙ አሥርት ዓመታት የተዘነጋው ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 በዓለም ጤና ድርጅት ትኩረት የሚሹ በሽታዎች ተርታ ሲገባ፣ የወላይታ ታማሚዎችና ተመራማሪዎች ተሞክሮ ከዋናዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ነበር።

በውሃና በአፈር ጥበቃ የሚሠሩትም ጥቂት አይደሉም። ኢንተር ኤይድ የተባለው የፈረንሳይ ድርጅት ከአገር በቀል ማኅበራትና ከወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ጋር ምንጭ ያጎለብታል። ቦኖውን የሚያስተዳድረው ግን ተጠቃሚው የመረጠው የውሃ ኮሚቴ ነው። በተዳፋት ማሳ ጠርዝ የሚተከለው የደሾ ሣር አፈሩን ከመያዙ ሌላ የከብት መኖ ስለሆነ ገበሬው ያለ ግፊት ይንከባከበዋል። በአረካ የግብርና ምርምር ማዕከል የእንሰትና የሥራሥር ሰብሎች ጥናት ይካሄዳል፤ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተው የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲም በዚህ መስክ ባለሙያ ያፈራል።

እስካሁን የተሠራው በአብዛኛው መሬትን ስለማዳን ነው፤ ተሳክቶለታልም። ያልተነካው ትልቁ ጉዳይ መሬት ለማይደርሳቸው ልጆች ሥራ ማግኘት ነው። ዛሬ ብዙዎቹ ወጣቶች ኑሮ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ይሄዳሉ። ተራራ ያስመለሱት ማኅበራትና በጀት የሚይዙት መሥሪያ ቤቶች አሁን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀመጡ የሚገባቸው ስለ እነዚህ ወጣቶች ነው።