መድፉ ቀረ፣ ሙያው ሄደ

አንድ መቀመጫ ብቻ ያላት፣ ጎማዎቿ ከአካሏ ውጭ የሚታዩ ትንሽ የውድድር መኪና አስቡ። የሚነድፏት፣ የሚበይዷትና የሚነዷት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ፎርሙላ ኤስ ኤ ኢ የሚባለው ይህ ውድድር እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ፣ ኦስቲን ከተማ በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ። በ1998 ፎርሙላ ስቱደንት ተብሎ እንግሊዝ ገባ፤ ከዚያም በብዙ አገር ተስፋፋ። እዚህ ፈጣን መሆን ብቻውን አያሸንፍም። ዳኞቹ ተማሪዎቹን መኪናዋ አጠገብ አቁመው «ለምን እንዲህ አደረጋችሁት?» እያሉ ይጠይቃሉ። መልሱም ነጥብ አለው።

ከሕጎቹ ሁሉ አንዱ ለእኛ ታሪክ የተጻፈ ነው የሚመስለው። መኪናዋን ማሰብ፣ መንደፍና መሥራት ያለባቸው ተማሪዎቹ ናቸው። ባለሙያን መጠየቅ ግን ክልክል አይደለም። ባለሙያው አማራጮቹን ከነጥቅማቸውና ከነጉዳታቸው ማስረዳት ይችላል፤ መወሰንና የንድፉን ሥዕል መሣል ግን አይፈቀድለትም። በአጭሩ፣ ይመክራል እንጂ አይወስንም።

እኛ አገር «ይህን ማሽን እንዴት እንሥራ?» ብሎ የውጭ ባለሙያ መጠየቅ ከ150 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ነገር ነው። እስቲ የተማሪዎቹን ሕግ ይዘን ሦስት ታሪኮችን እንመልከት።

የመጀመሪያው ጋፋት ነው፤ ደብረ ታቦር አጠገብ። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እዚያ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን አብዛኞቹ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪሾና የመጡ ባለእጅ ሚስዮናውያን ነበሩ። ቴዎፍሎስ ዋልድማየር አንዱ ነው። የመጡት ወንጌል ሊሰብኩ ነው፤ ንጉሡ የፈለጉት ግን መድፍ ነበር። ሰዎቹ መድፍ ሠርተን አናውቅም ቢሉም ንጉሡ በቀላሉ የሚመለሱ አልነበሩም። እቶን ተሠራ፣ ቅርጽ ማውጫ ተቆፈረ፣ ብረት ቀለጠ። በመጨረሻ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ።

እዚህ ላይ ለቴዎድሮስ ፍትሐዊ እንሁን። ጋፋት ላይ ወጣቶች ፊደልና ሙያ እንዲማሩ አድርገዋል፤ ዕውቀቱን ለአገር ማስቀረት ፈልገው ነበር ማለት ነው። በ1866 ደግሞ ፍላድ የተባለውን ሚስዮናዊ ወደ እንግሊዝ ልከው ተጨማሪ ባለሙያና መሣሪያ ጠይቀዋል። ችግሩ፣ ያን ጊዜ የእንግሊዝን ቆንስልና ሌሎች አውሮፓውያንን አስረው ነበር። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ፤ እስረኞቹ ካልተፈቱ አያልፉም ተባለና እዚያው ቀሩ። እጅ ተጠምዝዞ የሚገኝ እርዳታ እንዲህ ነው፤ አንድ ቀን ይቆማል።

ከዚያ ጉዞው መጣ። ጥቅምት 1867 ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነስተው መድፉን በመንኮራኩር አስጎትተው መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 ነው። ወደ 6 ወር ማለት ነው። በገደልና በሸለቆ መካከል መንገዱን የቀየሱት ራሳቸው ናቸው፤ ከሰዉ ጋር ድንጋይ ሲፈነቅሉም ታይተዋል። እነሱን ሊወጋ የመጣው የእንግሊዝ ሠራዊት ሰዎች እንኳ ያንን መንገድ አይተው አድንቀዋል። ልብ በሉ፦ መድፉን የሠሩለት ሌሎች ናቸው፤ መንገዱን ግን ያሰበው፣ የሞከረውና ያስተካከለው ጠያቂው ራሱ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ራሳቸውን ገደሉ። የጋፋት ሰዎች ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከአገር ወጡ። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ አምባ ላይ አለ። የጋፋት እቶን ግን ጠፋ። መድፉ ቀረ፣ ሙያው ሄደ።

ሁለተኛው ታሪክ በ1935 አዲስ አበባ ላይ ነው። ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር፣ የንጉሠ ነገሥቱ አብራሪ፣ ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ሠራ። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለች። በረረችም። ነገር ግን ጊዜው የጣሊያን ወረራ ነበር፤ አውሮፕላኗ ወደ ጣሊያን ተወስዳ ሙዚየም ገባች። ወደ አገሯ የተመለሰችው በጥር 2024 (እ.ኤ.አ.) ነው። እዚህ ጥፋቱ የወራሪው ነው፤ ሥራው ሥር የሚሰድበት ጊዜ አላገኘም። ውጤቱ ግን የጋፋትን ይመስላል፦ ዋናው ንድፍ አንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ሰውየው ሲሄድ ፀሐይ ታናሽ እህት ሳታገኝ ቀረች።

ሦስተኛው ታሪክ ለየት ይላል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1945 (እ.ኤ.አ.) ሲመሠረት አገሪቱ የጠየቀችው የአሜሪካውን ቲ ደብሊው ኤ ነበር። ሚያዝያ 8 ቀን 1946 የመጀመሪያው በረራ ወደ ካይሮ ተነሣ። አብራሪዎቹም ሥራ አስኪያጆቹም አሜሪካውያን ነበሩ። ከላይ ሲያዩት «በቃ፣ ሌላ ሰው ሠራልን» ያሰኛል። ልዩነቱ፣ እዚህ ጎን ለጎን ሥልጠና ነበር፤ ቦታውን ቀስ በቀስ ለኢትዮጵያውያን ማስረከብም ግብ ሆነ። በ1957 አለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ። በ1971 ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ከምሥረታው 26 ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ረጅም ነው፣ ግን ሰጪው ሲወጣ ሥራው አልወጣም።

አሁን ወደ ምዕራብ ሸዋ እንምጣ። የአምቦ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ተማሪዎች እንዲህ ያለች የውድድር መኪና እንሥራ ቢሉ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የሚነሣው ጥያቄ «ማንን እንጠይቅ?» ነው የሚሆነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ግን ከእሱ በፊት የሚመለስ ሌላ አለ፦ እኛ የምናውቀው ምንድን ነው?

ለምሳሌ ውድድሩ በቤንዚን ሞተር ላይ ገደብ አለው። ሞተሩ ከ710 ሲሲ አይበልጥም፤ የሚስበው አየር ሁሉ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው አንድ ቀዳዳ ማለፍ አለበት። ጀርመን ወይም እንግሊዝ ያለ ቡድን «ለእኛ ይህ ሠርቶልናል» ብሎ ቁጥሩን በሙሉ ቢልክላችሁ፣ ቁጥሩ የባሕር ጠለል አካባቢ ቁጥር ነው። አምቦ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ከባሕር ጠለሉ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። ሽቅብ ወደ ወንጪ ወጥታችሁ 3,000 ሜትር ስታልፉ 30 በመቶ ይደርሳል። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው አየር በዚያው ልክ ያንሳል፤ ነዳጁም በዚያው ልክ ካልተቀነሰ ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል እንጂ አይሮጥም። አምቦ ላይ ክዳኑ ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ስለዚህ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት ስንት ይሁን የሚለውም የራሳችሁ ጥያቄ ነው።

ይህን የውጭው መካሪ ካልነገራችሁት አያውቅም። ከወንጪ ቁልቁለት ሲወርዱ ፍሬን እንዴት እንደሚግል የሚያውቀው ያንን መንገድ የሚመላለሰው ሹፌር ነው። የትኛው ቱቦ ሲበየድ እንደሚጣመም የሚያውቀው የከተማው በያጅ ነው። እነሱም መካሪ ናቸው፤ ደብዳቤ መላክ የሚያስፈልገው ወደ ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም።

ስለዚህ «ሻንሲ ንደፉልን» ብላችሁ ብትጽፉ፣ ቢሳካ እንኳ የምታገኙት አንድ ትንሽ ሴባስቶፖል ነው። «ይህን ነድፈናል፤ ክብደቱ ይህን ያህል ነው፤ እዚህ ጋ ይሰበራል ብለን ፈርተናል፤ ሁለት አማራጭ አለን፣ የቱ ምን ያስከፍላል?» ብላችሁ ስትጽፉ ግን መልሱ የእናንተ ይሆናል። መካሪውም ደስ ይለዋል፤ ባዶ ገጽ ከመሙላት የተሠራን ነገር መተቸት ለማንም ይቀላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ተማሪ ይመረቃል፤ በአራትና በአምስት ዓመት ውስጥ ቡድኑ በሙሉ ይቀየራል። መኪናዋ ጋራዥ ጥግ አቧራ ለብሳ ልትቀር ትችላለች። ለሚቀጥለው ቡድን የሚጠቅመው ማን ምን እንደመከረ፣ ምን እንደተሞከረና ለምን ይህ እንደተመረጠ የተጻፈበት ደብተር ነው። የጋፋት ወጣቶች እንዲህ ያለ ደብተር ቢኖራቸው ኖሮ፣ ዛሬ ስለ እቶኑ የምናነበው ሚስዮናውያኑ ከጻፉት ብቻ ባልሆነ ነበር።