«ዋርኒንግ» ሲተረጎም

በአራት ኪሎ ሳይንስ ግቢም ሆነ በየሶፍትዌር ቢሮው ኮምፓይለሩ (የፕሮግራም ኮድ ተርጓሚው) ሲያስጠነቅቅ «ዋርኒንግ ነው፣ እለፈው» ማለት ተለምዷል። «ማሳሰቢያ» እንበለው የሚሉ አሉ፤ ለእኔ ግን ይላላል፣ የማስታወቂያ ግርጌ ቃል ነው። «ማስጠንቀቂያ» ያስደነግጣል ይሉኛል። እውነት ነው፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሥራ ውል ከሚቋረጥባቸው መንገዶች አንዱም በማስጠንቀቂያ ነው። የቃሉ ሥር ግን ቅጣት የለበትም፤ ግዕዙ «ጥንቁቅ» በትክክል የተሠራ፣ የተጣራ ማለት ነው። የኮምፓይለሩም መልእክት ጥንቃቄን እንጂ ቅጣትን አያመለክትም፤ ለምሳሌ በሲ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ሁለት ቁጥሮችን ለማወዳደር ሁለት የእኩል ምልክት ያስፈልጋል፤ አንዱ ከተረሳ ማወዳደሩ ቀርቶ ዋጋ መስጠት ይሆናል። የቋንቋው ሕግ ስለሚፈቅደው ኮምፓይለሩ ያሳልፈዋል፤ ማስጠንቀቁን ግን አይተውም (ከተጠየቀ ማለቴ ነው፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለር ብዙዎቹን ማስጠንቀቂያዎች የሚናገረው ሲታዘዝ ነው)። ስሕተት ቢሆንማ ኖሮ ፕሮግራሙ ጭራሽ አይወጣም ነበር። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ይባል።