የፈረስ መልክና የፈረስ ሥዕል በበጌምድር

ፍጥረትን በየስሙ መጥራት ከጥንት ለአዳም የተሰጠ ሥልጣን ነው። ስለዚህ አንድ ሕዝብ ከእንስሳት ጋራ ስንት ዘመን እንደ ኖረ ለማወቅ የሚሻ ሰው የነገሥታቱን ታሪክ ብቻ ሳይሆን፥ ሕዝቡ ለከብቱ መልክ ያወጣቸውን ስሞችም መመርመር ይገባዋል። በእብናት ገበያ በሬውን የሚሸጥ ገበሬ «በሬ አለኝ» ብሎ አያበቃም፤ ቡሬ ነው፥ ዳልቻ ነው፥ ወይኖ ነው፥ ሻንቆ ነው ይላል እንጂ። ቡሬ ሁለት መልክ የተቀላቀለበት ነው፤ ዳልቻ አመድማ፥ ወይኖ የበሰለ ወይን የመሰለ፥ ሻንቆ ደግሞ ጥቍር ነው። ለዶሮም ገብስማ፥ ወሰራ፥ ዛጎልማ የሚባል ስም አለ። ለፈረስ ግን ከሁሉ የበለጠ ክብር ስለ ተሰጠው ስሙም የተለየ ነው፤ ነጩ አምባላይ፥ ጥቍሩ ጕራቻ፥ ቀዩ ዳማ፥ ወደ ቡናማ ያደላው መጋላ፥ ገርጣ ያለው ሐመር፥ ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለበት ቦራ ይባላል።

ይህ ሁሉ ስም ለጌጥ የተፈለሰፈ አይደለም፤ ለፍርድ ያስፈልግ ነበርና ነው። በቀድሞ ዘመን ከብት በተሰረቀ ጊዜ የአገሩ ሰው በአውጫጭኝ ይሰበሰባል፤ ያየ ያየውን እንዲናገር ይጠየቃል። ገበሬው የግዢ ደረሰኝ የለውም፤ በከብቱ ላይ የታተመ ማኅተምም የለም። ማኅተሙ እግዚአብሔር በቍርበቱ ላይ የጻፈው መልክ ብቻ ነው። ምስክሩ «ዳማ ፈረስ ሲነዳ አየሁ» ባለ ጊዜ፥ የጠፋው መጋላ ከሆነ ነገሩ ይፈርሳል፤ የጠፋው ዳማ ከሆነ ግን ነገሩ ይጠናል። ስለዚህ አንዲት የመልክ ስም የአንድን ቤት እርሻ ታድናለች፤ ወይም ንጹሑን ሰው ከእስራት ታወጣለች። ቃሉ ሲደበዝዝ ፍርዱም ይደበዝዛል።

ከእብናት ወደ ምዕራብ ወርዶ የጣናን ዳር የሚያይ መንገደኛ የፎገራን ላሞች ያገኛል። የፎገራ ከብት ብዙውን ጊዜ ጥቍርና ነጭ የተቀላቀለበት ሲሆን በወተቱም በእርሻ ኀይሉም የተመሰገነ ነው። የአንዳሳ የእንስሳት ምርምር ጣቢያ በ1950ዎቹ ዓመታት ሲቋቋም አንዱ ዓላማው ይህንኑ ዘር ማጥናትና ማሻሻል ነበረ። ነገር ግን የሩዝ እርሻ በፎገራ ሜዳ ከተስፋፋ ወዲህ ግጦሹ ጠበበ፤ ዘሩም ከሌላ ከብት ጋራ እየተደባለቀ ሄደ። መልኩ ሲጠፋ ስሙም ባለቤት ያጣል።

እንግዲህ የፈረስ መልክ ስሞች ከወዴት መጡ ብሎ መጠየቅ ይገባል። የቅኔ ተማሪ ሰምን ከወርቅ እንደሚለይ፥ የእነዚህም ቃላት ሰማቸው የቍርበት መልክ ነው፤ ወርቃቸው ግን የአገር ታሪክ ነው። ጕራቻ በኦሮምኛ ጥቍር ማለት ነው። መጋላ፥ ዳልቻና ቡሬም ከዚያው ቋንቋ ጋራ የሚገናኙ ቃላት ናቸው። ከግእዝ «ጸሊም» እያለ፥ ከአማርኛም «ጥቍር» እያለ፥ የበጌምድር ሰው ጥቍሩን ፈረስ ጕራቻ ማለቱ ስለ ምንድን ነው? ፈረስን ከሚያሳድግ፥ በፈረስም ከሚዋጋ ሕዝብ ጋራ አብሮ ስለ ኖረ፥ አብሮም ስለ ጋለበ ነው።

ይህም ግምት ብቻ አይደለም፤ የጎንደር ዘመን ታሪክ ይመሰክራል። ከ1747 እስከ 1761 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ኢዮአስ እናቱ ውቢት ከኦሮሞ ወገን ነበረችና በእርሱ ዘመን የእናቱ ዘመዶች ወደ ጎንደር ቤተ መንግሥት ገቡ፤ ኦሮምኛም በግቢው ተሰማ። ከዚያ በኋላ የየጁ መሳፍንት በነገሥታቱ ስም አገሩን ያዙ። ራስ ጉግሣ መርሶ ደብረ ታቦርን መቀመጫው አደረገ፤ በ1817 ዓ.ም. እስኪሞትም ድረስ ከዚያ ሆኖ ገዛ። የልጅ ልጁ ራስ ዓሊ በሰኔ ወር 1845 ዓ.ም. በአይሻል በደጃዝማች ካሣ፥ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባለው፥ ድል እስኪሆን ድረስ የየጁ ፈረሰኛ በበጌምድር ሜዳ ይታይ ነበር። መኳንንቱ በጦር ሜዳ ተጣሉ፤ ፈረሶቻቸው ግን በአንድ ቋንቋ ተጠሩ። ከእነዚያ ሹማምንት ብዙዎቹ ተረሱ፤ ጕራቻ ግን በገበሬው አፍ ቀረ።

የፈረስ ስምና የፈረስ መልክ ልዩ ልዩ መሆናቸውን አንባቢ ያስተውል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው ሲባሉ፥ ይህ የፈረሳቸው ስም ለጌታው መጠሪያ ሆኖ ነው። በጅማም ንጉሡ አባ ጅፋር የተባለው በዚሁ ልማድ ነው። ስሙ ጌታው ሊያደርግ የሚያስበውን ይናገራል፤ መልኩ ግን ፈረሱ ሆኖ የተወለደውን ይናገራል። አንዱ ምኞት ነው፤ ሁለተኛው እውነት ነው።

እነዚህ የገበያና የጦር ሜዳ ቃላት ወደ ቅዱስ መጽሐፍም ገብተዋል። በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ ስድስት አራት ፈረሶች ይወጣሉ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎች ነጭ፥ ቀይ፥ ጥቍር ብለው ማለፍ ሲችሉ አምባላይ፥ ዳማ፥ ጕራቻ፥ ሐመር ብለው ጻፉ። የግሪኩ ቃል ሁለተኛውን ፈረስ እሳት መሳይ ይለዋል፤ አራተኛውን ደግሞ እንደ ለጋ ቅጠል፥ ወይም እንደ በሽተኛ ፊት የገረጣ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ቅጠልማ ፈረስ በየትም አገር አይወለድም፤ ተርጓሚዎቹ ግን ባላገሩ ሰምቶ በዓይነ ልቡናው የሚያየውን ፈረስ አቀረቡለት። በትንቢተ ዘካርያስም መጋላ የሚለው ቃል አለ። እንግዲህ በኦሮሞ ፈረሰኛ አፍ የነበረው ቃል ዛሬ በቤተ ክርስቲያን ይነበባል፤ ያነበበውም ዲያቆን ባዕድ ቃል አነበብሁ አይልም።

ሠዓሊውም የራሱ ሥርዓት አለው። አድያም ሰገድ ኢያሱ በጎንደር ባሠራው በደብረ ብርሃን ሥላሴ፥ እንደዚሁም በየገጠሩ አብያተ ክርስቲያናት፥ ሰማዕታት በፈረስ ተቀምጠው በግድግዳ ይታያሉ። ቅዱስ ጊዮርጊስ በአምባላይ ፈረስ ሆኖ ዘንዶውን ይወጋል፤ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጕራቻ ፈረስ ሆኖ ከሓዲውን ንጉሥ ዑልያኖስን ይወጋል። ፊደል ያልቈጠረ ምእመን ከመጋረጃው አጠገብ ቆሞ ጽሕፈቱን ማንበብ ባይችልም ፈረሱን አይቶ ሰማዕቱን ያውቃል። ስለዚህ በሥዕል ዘንድ የፈረስ መልክ ፊደል ሆኖ ያገለግላል። ሆኖም ሠዓሊው በእጁ ያለው ቀለም ጥቂት ነው፤ ቡላውን ከሐመር፥ መጋላውንም ከዳማ ለመለየት አይደክምም። የባላገሩ አፍ ከሠዓሊው ብሩሽ ይልቅ ባለጠጋ ነው።

ከግድግዳው ሥዕል ወርዶ በእጅ የሚያዝ የእንስሳ ምስል የሚፈልግ ሰው ከጎንደር አቅራቢያ ያለችውን ወለቃን ያገኛል። በዚያ የቤተ እስራኤል ሴቶች ከሸክላ አንበሳ፥ ወፍና የሰው ምስል ይሠሩ ነበር፤ መንገደኞችም እየገዙ ወደ አገራቸው ይወስዱት ነበር። ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ በአገሩ የቀሩት ጎረቤቶች ሥራውን ቀጠሉ። ከዚህ ሸክላ የታወቀው በእሳትና በጢስ የጠቈረው ነው። አንበሳው ጥቍር፥ ወፉም ጥቍር ነው፤ ባለሙያዋ መልኩን ትታ ቅርጹን ትይዛለች። በየሜዳው ያለ እረኛም ከጭቃ በሬ ይሠራል፤ ቀንድ ያወጣለታል፥ ሻኛ ያቆምለታል። ጭቃው አንድ መልክ ቢሆንም እረኛው የአባቱን በሬ እያሰበ ቡሬ ሊለው ይችላል። የጎደለውን ቀለም ስሙ ይሞላዋል።

በሌላው ዓለም ነገሩ በተቃራኒው ሆነ። በስዊድን አገር ዳላርና በተባለው አውራጃ ባላገሮች በክረምቱ ሌሊት ከእንጨት ፈረስ እየጠረቡ ቀይ ቀለም ይቀቡታል፤ ዛሬ የአገሩ ምልክት ሆኖ ይሸጣል። በአሜሪካም ብሬየር የተባለ ኩባንያ ከ1950 ወዲህ፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ማለት ነው፥ ከፕላስቲክ የተሠሩ ፈረሶችን በእውነተኛ ፈረስ መልክ እየቀባ አወጣ፤ ብዙ ሰዎችም እንደ መዝገብ ያከማቹታል። በ1960ዎቹ ኩባንያው ሰማያዊና ወርቅማ ፈረሶች ቢያወጣ ገዢ እምብዛም አላገኘም፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ግን ጥቂት ስለ ሆኑ ብቻ ዋጋቸው ከፍ አለ። በዚያ አገር ብዙ ሰው ፈረስን በመደርደሪያ እያየ ስሙን ይማራል፤ በእብናት ግን ስሙ የተወለደው ከፈረሱ ጋራ በመኖር ነው።

የዛሬው ሳይንስ ደግሞ ለዚህ ነገር ምሥጢር ጨመረ። የፈረስ ጠጕር መልክ ሁሉ ከሁለት ዓይነት ቀለም፥ ከጥቍርና ከቀይ፥ ይመነጫል፤ የቀረው ልዩነት እነዚህ ሲቀንሱ፥ ሲደበዝዙ ወይም በቦታ ሲከፋፈሉ የሚሆን ነው። ይልቁንም የሚያስደንቀው ነጭ የሚባሉት ፈረሶች አብዛኞቹ ነጭ ሆነው አለመወለዳቸው ነው። ውርንጭላው ጥቍር ወይም ዳማ ሆኖ ይወለዳል፤ ከዚያ ግራጫ ይሆናል፥ ዕድሜው ሲገፋ ጠጕሩ ነጭ ይሆናል፤ ከጠጕሩ በታች ያለው ቆዳ ግን ጥቍር እንደ ሆነ ይኖራል። በዓመታት ብዛት የነጣው አምባላይ ትናንት ጕራቻ የነበረ ሊሆን ይችላል። በመልክ ምክንያት ወገንን ከወገን የሚለይ ሰው ይህን ፈረስ ቢመለከት መልካም ነው።

ዛሬ ግን ፈረሱም ስሙም እያነሰ ነው። የበጌምድር ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ በመጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም በወደቀ ጊዜ በሠራዊቱ ላይ አውሮፕላን ከሰማይ ቦምብ ጥሎ ነበር። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም የሚለው የአባቶች ተረት ነው፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ፈረሰኛ ከሰማይ ለሚመጣው ጠላት ጋሻ አጣ። በኋላም መኪና መጣ፥ መንገድም ተሠራ፤ ለማድረስም ፈረስ አላስፈለገም። በ1977 ዓ.ም. ረኀብ በሆነ ጊዜ እብናት ብዙ ሺሕ ሕዝብ የተሰበሰበባት የእርዳታ ሰፈር ነበረች፤ ያውም ሕዝብ በሚያዝያ ወር በመንግሥት ኀይል ተበተነ። ወደዚያ የደረሰ ቤተ ሰብ አስቀድሞ በሬውን ሸጦ ወይም ቀብሮ የመጣ ነበር። በዚያ ዓመት የሞተው ሰውና ከብት ብቻ አይደለም፤ «ቡሬ፥ ና!» ብሎ የሚጠራ ድምፅም ከብዙ ቤት ጠፋ።

ሆኖም ተስፋ አልተቈረጠም። በአዊ ምድር የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ቆሞ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ፈረሱ በግላስ ተሸልሞ፥ ልጓሙ አምሮ ይታያል። እንዲህ ያለው በዓል የፈረሱን ዘር ብቻ ሳይሆን የስሙንም ዘር ይጠብቃል።

እንግዲህ የእብናትም ሆነ የደብረ ታቦር አባት ልጁን ወደ ገበያ በወሰደ ጊዜ «ያ ፈረስ ምን መልክ አለው?» ብሎ ይጠይቀው። ልጁም «ቀይ ነው» ብሎ ዝም ካለ፥ ዳማውን ከመጋላ ለይቶ ያስተምረው። ይህን የሚያህል ትምህርት ወጪ የለበትም። ቃሉን የተቀበለ ልጅ የፈረስን መልክ ብቻ አይቀበልም፤ በአንድ ሜዳ የጋለቡትን፥ በአንድ አፍ የተነጋገሩትን የአባቶቹን ሁሉ ታሪክ ይወርሳል እንጂ።