ስድስት ዓመት ዋንጫው ድሬ ነበር

የኢትዮጵያን እግር ኳስ ታሪክ አብዛኞቻችን የምናውቀው በአዲስ አበባ ስታዲየም በር በኩል ነው። ጊዮርጊስ፣ ቡና፣ መቻል፣ መብራት ኃይል፣ በቃ። ከዚያ ውጪ ያለው «የክልል ቡድን» ይባልና ይታለፋል። የሻምፒዮኖቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያነበበ ሰው ግን መሃሉ ላይ ቆም ማለቱ አይቀርም። ከ1952 እስከ 1957 ዓ.ም ባሉት ስድስት ተከታታይ የውድድር ዘመናት ዋንጫው አንድ ጊዜ እንኳ አዲስ አበባ አላደረም። ስድስቱንም ድሬዳዋ ወሰደችው። አራቱን ኮተን፣ ሁለቱን ኢትዮ ሲሚንት። አንዱ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ ሌላው የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድን። ከዚያ በፊት ከነበሩት አምስት ዓመታት ደግሞ አራቱን ያሸነፉት የአስመራ ክለቦች ናቸው።

የምኖረው ሀና ማርያም ነው። እዚህ ሠፈር ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሲሞላ፣ አርሰናል ሳይሸነፍ ዋንጫ የበላበትን ዓመት አሰላለፍ ከበረኛው ጀምሮ በቃሉ የሚደረድርልህ ልጅ አይጠፋም። ኮተን ብትለው ግን የጨርቅ ዓይነት ነው የሚመስለው። ልጁን አልፈርድበትም። ማን ነገረው? አርሰናልን የሚነግረው ቴሌቪዥን አለ፣ መጽሐፍ አለ፣ ማሊያ ሻጭ አለ። ለኮተን ይህን የሚያደርግ የለም። ለምን የለም የሚለው ነው የሚያሳስበኝ፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው እዚያው ክለቡ የተሠራበት መንገድ ውስጥ ነው።

ከከተማዋ እንጀምር። ድሬዳዋ እንደ ጎንደር የነገሥታት መቀመጫ፣ እንደ አክሱም የጥንት ደብር ሆና አልተቆረቆረችም። በ1895 ዓ.ም ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ሲደርስ የበቀለች ከተማ ናት። ባቡሩ ሠራተኛ አመጣ፣ ሠራተኛው ነጋዴ ጠራ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ጣሊያኑ በአንድ ገበያ ተገናኘ። ወደቡ ስለሚቀርብና ሐዲዱ ስላለ ፋብሪካም መጣ፤ ሲሚንቶውም ጥጡም። ሲረን ሲነፋ የሚገባ፣ ሲረን ሲነፋ የሚወጣ የወዛደር ከተማ ሆነች። እንዲህ ያለ ከተማ ኳስ ለመውደድ ቅስቀሳ አያስፈልገውም።

የፋብሪካ ክለብ ማለት ደግሞ በዓለም ላይ እንግዳ ነገር አይደለም። የሆላንዱ ፒኤስቪ በ1913 እ.ኤ.አ የተመሠረተው በፊሊፕስ ኩባንያ ጥላ ሥር ነው። በ2024 እ.ኤ.አ የጀርመንን ሊግ ሳይሸነፍ የበላው ሌቨርኩሰን የመድኃኒት ፋብሪካው የባየር ሠራተኞች ክለብ ሆኖ ነው የተወለደው። አሠራሩ ቀላል ነው። ፋብሪካው ጎበዝ ተጫዋች ሲያገኝ ይቀጥረዋል፤ ደመወዝ፣ ማሊያና መጓጓዣ ከዚያው ይመጣል። «ፕሮፌሽናል» የሚል ቃል ከመለመዱ በፊት፣ ተጫዋች ኳስ እየተጫወተ እንጀራ የሚበላበት መንገድ ይህ ነበር። አዲስ አበባም ብትሆን ጦሩ፣ ፖሊሱ፣ መብራት ኃይሉ በዚሁ መንገድ ነው ቡድን ያቆሙት።

ኮተን የመጀመሪያ ዋንጫውን በ1952 አነሣ። በ1953 ጎረቤቱ ኢትዮ ሲሚንት ቀማው። 1954 እና 1955 እንደገና ኮተን፣ 1956 ሲሚንት፣ 1957 ኮተን። ልብ በል፣ 1954 ማለት ኢትዮጵያ በሉቻኖ ቫሳሎ አምበልነት የተባበረችውን ዓረብ ሪፐብሊክ (የዛሬዋን ግብፅ ማለት ነው) 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ የበላችበት ዓመት ነው። አምበሉ ራሱ የአስመራ ልጅ ነው። ያ ሁላችንም የምንኮራበት ዓመት ከዋና ከተማው ውጪ ያሉ ከተሞች ሊጉን የሚመሩበት ዘመን ነበር። ይህን ግጥምጥሞሽ ብቻ ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

ከዚያ አክራ መጣ። የአፍሪካ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ፣ ዛሬ ቻምፒየንስ ሊግ የምንለው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲካሄድ የመጨረሻዎቹ አራት ቡድኖች በ1957 ዓ.ም ጋና ላይ ተገናኙ። ከካሜሩን ኦሪክስ ዱዋላ፣ ከማሊ ስታድ ማሊየን፣ ከጋና ሪያል ሪፐብሊካንስ፣ ከኢትዮጵያ ደግሞ ኮተን። በግማሽ ፍጻሜው ስታድ ማሊየን ኮተንን 3 ለ 1 አሸነፈ። ዋንጫውን በፍጻሜው ማሊየንን 2 ለ 1 የረታው ኦሪክስ ወሰደ፤ አምበሉ ሳሙኤል ምባፔ ሌፔ ይባላል። (አዎ፣ ምባፔ። የፓሪሱ ልጅ ገና አልተወለደም።) ኮተን ተሸንፎ ተመለሰ። ቢሆንም በአህጉሩ የመጀመሪያ የክለቦች ዋንጫ ከመጨረሻዎቹ አራት አንዱ ከባቡር ጣቢያ ዙሪያ የበቀለች ከተማ የጥጥ ፋብሪካ ቡድን ነበር።

በዚያ ውድድር የነበረው የጋናው ቡድን ታሪክ ለእኛም ትምህርት አለው። ሪያል ሪፐብሊካንስን ያቋቋመው የንክሩማህ መንግሥት ነው። ከየክለቡ ምርጥ ምርጡን እየመረጠ ሰበሰበ፤ ሞዴል ክለብ እንዲሆን። በ1966 እ.ኤ.አ ንክሩማህ በመፈንቅለ መንግሥት ሲወርድ ክለቡም አብሮ ፈረሰ። ያቆመው እጅ ሲነሣ የሚይዘው ሌላ እጅ አልነበረም።

የኮተን አወዳደቅ እንዲህ ድንገተኛ አይደለም፤ ዝግ ያለ ነው። በ1958 ጊዮርጊስ ዋንጫውን ወደ አዲስ አበባ መለሰ። በጥር 1967 ደርግ ትላልቅ ፋብሪካዎችን ወረሰ፤ ስፖርቱም እንደ አዲስ ተደራጀ፣ ጊዮርጊስ እንኳ ስሙን ተቀምቶ ለዓመታት በቢራ ፋብሪካ ስም ተጫውቷል። በ1968 ድሬዳዋ የአፍሪካ ዋንጫ አስተናገደች፤ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር የምድብ ጨዋታቸውን ያደረጉት እዚያ ነው። በ1975 ዓ.ም ደግሞ ኮተን ለአምስተኛ ጊዜ ሻምፒዮን ሆነ። የመጨረሻው ነው። ዛሬ ፕሪሚየር ሊግ ውስጥ የለም።

ከዋና ከተማው ውጪ ያሉ ክለቦች ግን አልሞቱም። ሐዋሳ በ1996 ዓ.ም ዋንጫውን በላ፤ ያ አርሰናል ሳይሸነፍ የጨረሰበት ዓመት መሆኑ ነው። በ1999 ደገመ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010፣ መቀሌ 70 እንደርታ በ2011፣ ፋሲል ከነማ በ2013 ተከተሉ። ጎንደርና ጅማ ያደሩበትን ደስታ ያየ ሰው፣ ድሬ በእነዚያ ስድስት ዓመታት ምን እንደተሰማት ጥቂት ሊገምት ይችላል።

ብቻ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። «ከነማ» ማለት «የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር» ማለት ነው። ስሙ ባለቤቱ ነዋሪው ነው ይላል። ደመወዙ የሚወጣው ግን በአብዛኛው ከከተማ አስተዳደር በጀት ነው። ትናንት ፋብሪካ፣ ዛሬ ማዘጋጃ ቤት። በጀቱ ሲጠብ ወይም ኃላፊው ሲቀየር ክለቡ ይንቀጠቀጣል። ደጋፊው ይዘፍናል፣ ያለቅሳል፣ አውቶቡስ ተኮናትሮ ይከተላል፤ ውሳኔው ላይ ግን የለም። የኮተን ደጋፊም እንዲሁ ነበር። ክለቡን ቢወደውም የእሱ ስላልነበረ፣ ሲደክም የሚያነሣበት መንገድ አልነበረውም። መዝገቡን፣ ፎቶውን፣ የተጫዋቾቹን ስም የመያዝ ግዴታ ያለበት ሰውም አልነበረም። ልጁ ኮተንን ያላወቀው ለዚህ ነው።

ይህ ደግሞ ጊዜ የማይሰጥ ጉዳይ ነው። በ1952 ሃያ ዓመቱ የነበረ ተጫዋች ዛሬ በሕይወት ካለ ሰማንያ አምስት አልፎታል። ጎሉ በየትኛው እግር እንደገባ፣ ከአክራ ሲመለሱ ጣቢያው ላይ ማን እንደተቀበላቸው፣ ፋብሪካው ስንት ብር ይከፍል እንደነበር የሚያውቀው እሱ ነው። የድሬ ልጅ ከሆንክ፣ ወይም ድሬ ዘመድ ካለህ፣ ሠፈር ውስጥ «ድሮ ኳስ ተጫዋች ነበሩ» የሚባሉ አባት አይጠፉም። ስልክህን አውጣ፣ መቅጃውን ክፈት፣ ቡና እየተጠጣ ጠይቃቸው።