ፊደል ወደ ኪስ እንዴት ገባ?

ባለ ቁልፉን ቀፎ ትቶ ስማርት ስልክ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ካሜራው ነው፤ ቀጥሎ ባትሪው ቶሎ ማለቁን ያማርራል። እኔም ካሜራውን ስወድ፣ ባትሪውን ሳማርር ጥቂት ወራት አሳልፌያለሁ። ዳሩ ግን ከአዲሱ ስልክ ጋር ስኖር ከሁሉ በላይ ልቤን የነካው ሌላ ነገር ነው፤ ለወዳጅ የምልከውን ቃል በገዛ ፊደሌ መጻፌ። ለዛሬ ልጆች ይህ ተራ ነገር ነው። ታሪኩ ግን ረጅም ነውና፣ ውድ አንባብያን፣ እስቲ አብረን እንየው።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው። አዲስ አበባን ከሐረር ያገናኘው 477 ኪሎ ሜትር መስመር የተዘረጋው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነበር። ሰው በሌለበት ድምፅ ሲሰማ ካህናቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» ብለው እንደተቃወሙ እስከ ዛሬ ይተረካል። ያ ስልክ ግን አንድ መልካም ጠባይ ነበረው፤ ፊደል አይጠይቅም። በጎንደር ለዛ የተናገረ በጎንደር ለዛ ይሰማል። ፈተናው የመጣው ስልክ መጻፍ በጀመረ ጊዜ ነው።

ፊደላችን ከመሣሪያ ጋር ሲታገል ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ለመሥራት ሲደክሙ፣ ከ200 በላይ ሆሄያትን በጥቂት ቁልፎች ላይ ማስፈር ግድ ሆኖባቸው ነበር። «ፊደሉ በዝቷልና ይቀነስ» የሚለው ሐሳብም ምሁራንን ለብዙ ዘመን አከራክሯል። ኋላም በኮምፒውተር ዘመን አቶ ፍስሐ አጥላው ለግዕዝ ፊደል መጻፊያ ከሠሩት ቀደምት ባለሙያዎች አንዱ ሆኑ፤ የድርጅታቸው ስም «ዳሸን» የእኛኑ የስሜን ተራራ ያስታውሳል።

ከዚያ እ.ኤ.አ. 1999 መጣ። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ የተንቀሳቃሽ ስልክ አገልግሎት ተጀመረ። በዚያው ዓመት፣ የዓለም ፊደላት በኮምፒውተር የሚመዘገቡበት ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል በመዝገቡ አሰፈረ። አንድ ዓመት የወለዳቸው እነዚህ ሁለት ልጆች ግን ለረጅም ጊዜ ሳይተዋወቁ ኖሩ። ቀፎው በኪሳችን ገባ፤ ፊደሉ ደጅ ቀረ።

የደጅ ጥናቱን ዘመን ብዙዎቻችን እናስታውሰዋለን። አማርኛችንን በላቲን ፊደል እየለወጥን፣ አንዱን ቁልፍ ሦስቴ አራቴ እየተጫንን መልእክት እንልክ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የጽሑፍ መልእክት አገልግሎት ተቋርጦ እስከ 2000 ዓ.ም. መባቻ ሲቆይ፣ ያም በስንት ድካም የለመድነው አጻጻፍ ናፍቆን ነበር። ሲመለስም ያው በላቲን ነው። በዚያ አጻጻፍ «መጣ» እና «መታ» አንድ ናቸው። አባትህ መጣ ይሁን አባትህ መታ፣ አንባቢው ከልቡ ይፍረድ! ቅኔ ያለ ኅብር አይጥምም፤ ይህ ግን ወርቅ የሌለው ኅብር ነበር።

ለዚህ ምክንያት የሚሰጡም ነበሩ። አንድ አጭር መልእክት በላቲን 160 ሆሄ ሲይዝ፣ በግዕዝ ፊደል የሚይዘው 70 ብቻ ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን «እንደምን አደራችሁ» ብለን በፊደላችን ስንጽፍ 10 ሆሄ ይበቃናል፤ በላቲን 17 ይፈጃል። ፊደላችን ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር በአንድ አካል ስለሚሸከም፣ ጠበበ የተባለው ቦታ ያን ያህል አይጠብም።

የዚህን ነገር ክብደት የተረዳሁት ግን በሥራዬ ነው። ጎንደር የሊቃውንት አገር ናት፤ በበአታ አቋቋሙን፣ በየደብሩ ዜማውንና ቅኔውን ሲማር የኖረ ሰው ሞልቶባታል። ከዓመታት በፊት እንዲህ ያለ አንድ አረጋዊ መምህር በባንክ መስኮት በኩል ትንሿን ቀፎ አቀበሉኝና «ልጄ፣ እስቲ ይችን አንብብልኝ፤ ከልጄ ናት» አሉኝ። «እሺ፣ የኔታ» ብዬ አነበብኩላቸው። በላቲን የተጻፈ አማርኛ ነበር፤ ልጃቸው ደኅና መግባቱን ይናገራል። ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ፣ የብራና መጽሐፍ የሚያነቡ ሰው ናቸው። የልጃቸውን አንድ መስመር ቃል ግን ያለ አስተርጓሚ ማንበብ አልቻሉም። ሊቁን ማይም ያደረገው ቀፎው ነበር።

አሮጌውን ቀፎ ግን በደፈናው አልነቅፍም። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ኖኪያ 1100 መብራት ያለው፣ ባትሪው ለቀናት የሚቆይ ስልክ ነበር። በዳባትና በደባርቅ ደጋ መብራት ባልገባበት ቀበሌ፣ ሌሊት ከብት ለማየት ለሚወጣ ገበሬ እንዲህ ያለ ቀፎ መብራትም ደወልም ነው። እስከ ዛሬም ባለ ቁልፉን የማይለቁ አሉ፤ አይፈረድባቸውም።

በኋላ ደጁ ተከፈተ። ቴክኖ ስልኮችን በኢትዮጵያ መገጣጠም ከጀመረ ወዲህ አማርኛ የሚያውቁ ቀፎዎች በገበያ ታዩ፤ ባለ ንክኪ ስልኮችም ፊደሉን ከነመጻፊያው ይዘው መጡ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ሲቆይ፣ ውዱ ስልክ ከባለ ቁልፉ ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረው። ያኔም ፊደሉ አልጠፋም፤ መኖሪያው በኔትወርኩ ሳይሆን በራሱ በስልኩ ውስጥ ነውና።

ዛሬ ምክንያት የለንም። ሆኖም ፊደሉ በጣታችን ሥር እያለ በላቲን የምንጽፍ አሁንም ብዙ ነን፤ ሌሎቻችን ደግሞ መጻፉን ትተን ድምፃችንን ቀድተን እንልካለን። ድምፅ መልካም ነው፤ የምኒልክም ስልክ ድምፅ ነበር። ግን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ፊደሉን ለእኛ ያደረሱት አባቶች በአንድ ጣት መጻፍ የሰነፈውን ልጅ ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን? ለእናት፣ ለአባት፣ ለየኔታ የምንልከውን ቃል እንኳ በፊደላችን ብንጽፈው፣ በአገሩ ቋንቋ አስተርጓሚ የሚፈልግ ሊቅ አይኖርም።

ቸር እንሰንብት።