ለሁለት የተካፈሉት ዜና

ጥቅምት 20 ቀን 1967 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል፣ በያኔዋ ዛየር ዋና ከተማ ኪንሻሳ፣ መሐመድ አሊ ጆርጅ ፎርማንን በ8ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈው። ይህን የማያውቅ የለም። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው።

ስኮትላንዳዊው ሂው ማኪልቫኒ እና ዌልሳዊው ኬን ጆንስ አሊ ወዳረፈበት፣ ከከተማው ወጣ ወዳለው ንሴሌ አብረው ሄዱ። ሻምፒዮኑም ቁጭ ብሎ አወራቸው። ዓለም በሙሉ የሚፈልገው ሰው እኮ ነው!

እስቲ አስቡት፤ ሁለቱ የሚጽፉት ለተለያዩ ጋዜጦች ነበር። ማኪልቫኒ ለኦብዘርቨር ይሠራ ነበር፤ ጆንስ ደግሞ ለሌላ። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለ ዜና የተገኘ እንደሆነ ለብቻ ይዞ መሮጥ ነው። እነሱ ግን ተካፈሉት፤ ሁለቱም ትልቅ ጸሐፊ ሆነው ኖሩ፤ ሁለቱም በ2019 እ.ኤ.አ. አረፉ።

እኔ ጀማሪ ሳለሁ የሥራ ባልደረባዬን ሳልነግረው አንድ ተጫዋች ለብቻዬ አነጋግሬ ነበር። ያን ጽሑፍ ዛሬ የሚያስታውሰው የለም፣ እኔም ጭምር። እሱ ግን አልረሳውም፤ ከዚያ ወዲህ ስታዲየም ስንገናኝ ሰላምታችን ከአንገት በላይ ሆነ።

ስለ ንሴሌ ባነበብኩ ማግስት ደወልኩለት።

«ምነው፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ልታነጋግር ነው?» አለኝ።

«አንተን» አልኩት።